ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ

«ዶክተር መሆን ካማረሽ ሂጂና ሁኚ! እዚህ ግን አልጋ አንጥፊ!»

ይህን ፊት ለፊቴ ያለችኝ፣ ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ናት። ፊት ለፊቴ ስል ለአነጋገር አይደለም፤ በእሷና በእኔ አፍንጫ መካከል የነበረው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። በሽተኛው ይሰማል፣ የበሽተኛው ሚስት ትሰማለች፣ በመስኮት አንገታቸውን ያስገቡት ዘመዶችም ይሰማሉ። ያልሰማ ቢኖር ግድግዳው ነው፤ እሱንም ቢሆን እጠረጥረዋለሁ።

ሲስተር ያለ ነገር አልተቆጣችም። ቀኑ የፋሲካ ማግሥት ነው። አንድ ደንደን ያለ ሰውዬ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ መጣ። የእኔ ሥራ ትኩሳቱንና የደም ግፊቱን ለክቶ ካርዱ ላይ መጻፍ ነው። ለካሁ፣ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እኔ ማቆም የማውቅ ሰው ብሆን ኖሮ የምጽፍላችሁ ነገርም አይኖረኝም ነበር። ሆዱን በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ በሁለት ጣት ጫን አደረግሁት። «ዋይ!» አለ። ሆዱን የታመመ ሰው የትም ቢጫኑት ዋይ እንደሚል ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

«ምንድን ነው እህቴ?» አለችኝ ሚስቱ።

«ትርፍ አንጀት ነው። ሳይፈነዳ ቶሎ መቀደድ አለበት» አልኳት።

«መቀደድ አለበት» ብቻ ብል ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። ጉድ የሠራኝ «ሳይፈነዳ» ያልኩት ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ስልኳን አወጣች። ሐኪሙ ሌላ ክፍል ጨርሶ እስኪመጣ ድረስ አንድ አይሱዙ ሙሉ ዘመድ ከገጠር ደርሶ ግቢውን ሞላው፤ ግማሹ ማልቀስ ጀምሯል፣ ግማሹ ደም ለመስጠት እጅጌውን ሰብስቧል። ሐኪሙ ገባና ሰውዬውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ «ትናንት ምን በላህ?»

ሰውዬው መዘርዘር ጀመረ። ከቅዳሴ መልስ ዶሮ፣ ጠዋት ዶሮ፣ ረፋድ ላይ ቁርጥ፣ ጎረቤት ጠርቶት ዱለት፣ ከዚያ እርጎ፣ ማታ ደግሞ አበልጁ ቤት እንደገና ዶሮ። ሐኪሙ ካርዱን አጠፈው። ሰውዬው ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ድኖ ነበር። ሊያለቅስ የመጣው ዘመድ ግን ሳያለቅስ መመለሱ ከንክኖት በእኔ ላይ ተነሳ። ሲስተር ያንን ቃል የተናገረችው ያኔ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። እኔም አላፈርኩም አልልም። ግን አንሶላውን እየወጠርኩ ቃሏን ሳመነዥከው «ሂጂና ሁኚ» የሚለው ነገር ከስድብነቱ ይልቅ ምክርነቱ እየጣፈጠኝ መጣ። ትራሱን ሳላስቀምጥ ልቤ ከክፍሉ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ነርስነት የገባሁት ጠልቼ አይደለም፤ ወድጄም አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ከዩኒቨርሲቲ በር ላይ መለሰኝ። ብቻዬን ብመለስ ይከፋኝ ነበር፤ የተመለስነው ክፍላችን በሙሉ ለማለት ምንም ስላልቀረን ግን መመለሱም ጨዋታ ነበረው። አባቴ ጨዋታውን አልወደደውም። «ቤት ተቀምጠሽ ጣሪያ ከምታዪ መርፌ መውጋት ተማሪ» አለና ሞጣ አንድ የግል ኮሌጅ አስገባኝ።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ቢቸና ገበያ ላይ የከብት ደላላ ነው። በዕድሜው የመጀመሪያውን ዋጋ እሺ ብሎ አያውቅም። ነገሩ በከብት ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ «ይኸን በዚህ ዋጋ ከነቀልከው ጎረቤቱን በነጻ ነቅነቅ አድርገህ እይልኝ» ያለ ሰው ነው። ያልተከራከረበት ነገር ሁሉ የተሸወደበት ይመስለዋል። እኔ ነርስነት ስገባም ከኮሌጁ ሰዎች ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሮ ሲወጣ «አሸነፍኳቸው» ብሎኛል። ምን ላይ እንዳሸነፋቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ሌላም ነገር አለ። ቢቸና ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔ ገና ኮሌጅ እንደገባሁ ተሹሜያለሁ። ለእረፍት ስሄድ ከሚኒባስ ሳልወርድ ምላሱን አውጥቶ የሚያሳየኝ አለ። አንዷ ጎረቤታችን ያበጠውን የላሟን ጡት እንድመረምርላት ጠርታኝ አይቼላታለሁ። እንግዲህ ለዚህ ሰፈር «ነርስነቱን ትቼ ዶክተርነት ልማር ነው» ብል ምን ይለኛል? «ዶክተርነቱን ትተሽ ዶክተር ልትሆኚ ነው?» ነው የሚለኝ።

የሲስተርን ስድብ ከቀመስኩ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት እተወዋለሁ እላለሁ፣ ከምሳ በኋላ እጨርሰዋለሁ እላለሁ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሁለቱንም እርግፍ አድርጌ ሻይ ቤት ልክፈት ይመስለኛል። ሐኪም ለመሆን ኮሌጁን ትቶ፣ እንደ ግል ተፈታኝ ተመዝግቦ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንደገና መፈተን፣ ከዚያም በደህና ውጤት ማለፍ ነው። ባላልፍስ? ነርስነቱም ቀረ፣ ሐኪምነቱም ቀረ፤ ለላም ጡት ብቻ የምጠራ ዶክተር ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።

ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቅ ጀመር። ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ጠየቅሁ። አንድ ቀን ግሉኮስ የተተከለላቸውን ሽማግሌ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸውና «እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ አባቴ?» አልኳቸው።

«እኔ ብሆን» አሉ ወደ ላይ እያዩ፣ «መጀመሪያ ይኸን ግሉኮስ እቀይር ነበር። ካለቀ ቆየ እኮ ልጄ።»

ሞጣ የተከራየሁት ክፍል የዘይነባ አባት ግቢ ውስጥ ነው። እነ ዘይነባ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሞጣ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ አሁን ሱቁን የምታዘው እሷ ናት። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ምላሳችንም እኩል ነው፤ ስለዚህ እንዋደዳለን።

«አንቺ የፈለግሽው ሐኪምነት አይደለም» አለችኝ ሱቅ ውስጥ ለገዢ ጨርቅ እየለካች። «አዛዥነት ነው የፈለግሽው።»

«ሁለቱም ቢሆንስ?»

«ቢሆንማ ምን ከፋ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብለሽ ልትማሪ ነው? ሻይ እስኪፈላ መቀመጥ አቅቶሽ ለብ ሲል የምትጠጪ ሰው?»

«ሻይና ሕክምና ምን አገናኘው?»

«ባይገናኝም መቀመጡ ያው መቀመጥ ነው ወላሂ። ለአባትሽስ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኩትም። ይከራከረኛል።»

«በስልክ ንገሪያቸዋ።»

«በስልክማ ባሰ። ባትሪዬ እስኪሞት ነው የሚከራከረኝ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላኪባቸው!» አለችና መቀሱን ጨርቁ ውስጥ ሰደደችው።

ቀልዷን ነው። ገዢውም ስቋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነትም ለምን አልልክም? በእኛ አገር ደም የተቃባ እንኳ በሽማግሌ ይታረቃል። ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም፣ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም፤ አልቀመጥ ያለ ሽማግሌን ደግሞ አባቴም ቢሆን በክርክር አያሸንፈውም። ያን ቀን ከሰዓት ስልኬን ይዤ ሽማግሌ መመልመል ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መምሬ አያሌው ናቸው፤ የቤታችን የንስሐ አባት። አባቴ የሚፈራቸው እሳቸውን ብቻ ነው፤ እሳቸውንም ቢሆን ንስሐ ሲሰጡት «ስግደቱን በግማሽ ያድርጉልኝ» እያለ ይከራከራቸዋል ይባላል። ሁለተኛው ጋሽ ኤርሚያስ፣ ባዮሎጂ ያስተማረኝ ነው። ከሆሳዕና ከተማ ተመድቦ መጥቶ ቢቸና ላይ ሸበተ። ከመምሬ ጋር በሃይማኖት አይገናኙም፤ በዳማ ግን በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ሦስተኛው የእድራችን ዳኛ አቶ ውበቱ ናቸው። እሳቸውን የመረጥኳቸው ለጢማቸው ነው። ብዙ አይናገሩም፤ ጢማቸው ግን የገባበትን ጉዳይ ሁሉ ከባድ ያስመስለዋል።

ለመምሬና ለጋሽ ኤርሚያስ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ለአቶ ውበቱ መምሬ «ስለ ልጅቷ ሽምግልና አለብን» አሏቸው፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን አሳጠቡ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ወሩ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወር ነው። ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለበት ቤት ነው። እሑድ ማለዳ፣ ሦስት ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች፣ አንደኛው ቄስ፣ አንደኛው ባለ ጢም፣ በር ላይ መጥተው ቆሙ። እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። ሞጣ ቁጭ ብዬ ስልኬን እያየሁ የአባቴ ልብ እንዲራራ እጸልይ ነበር።

ቤት ውስጥ የሆነውን በኋላ እናቴ ነገረችኝ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

«ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው» አለ ጋሽ ኤርሚያስ፣ ነገር ለማሳጠር።

አባቴ እጁን አነሳ። «ከዚህ በላይ እንዳትናገሩ። አውቄዋለሁ። ዛሬ አልሰማም። ከዘመድ ልምከር፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ።»

እንዲህ ነው ወጉ። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያ ቀን አይሰማም። በመጀመሪያ ቀን የሰማ አባት ልጁን ገበያ ላይ እንዳመሸች ጊደር ለማራገፍ የቸኮለ ይመስልበታል። የእኔ አባት ደግሞ በወጉ ላይ ሙያው ተጨምሮበት፣ እንኳን ሊሰማ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሸኛቸው። ሽማግሌ ተመለስ ከተባለ ይመለሳል እንጂ «የመጣሁበትን ሳልናገር» ብሎ በር ላይ አይጣበቅም። ሦስቱም እጅ ነሥተው ወጡ።

ወዲያው መምሬ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አልተቆጣም።»

«ምን አለ መምሬ?»

«‹አውቄዋለሁ› አለ። ለሁለተኛ ቀጥሮናል። ፊቱም በርቷል።»

«ፊቱ በርቷል?»

«እንደ ጧፍ።»

ስልኩን ዘግቼ ግቢው ውስጥ ዘለልኩ። አባቴ ያለ ክርክር! እኔ የዋኋ፣ ይህ ሰው ለካ ከጠበቅሁት በላይ አስተዋይ ነው አልኩ። በማግሥቱ ሲስተርን ኮሪደር ላይ አስቆምኳትና «እንዳልሽኝ ልሄድ ነው» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «የተግባር ፈተናሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ነው» አለች። «ካልመጣሽ ከኮሌጁ ወጣሽ ማለት ነው፤ ማንም አይለምንሽም። ከመጣሽ ግን ታልፊያለሽ። አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው። አፍሽ ነው እንጂ።»

ይህቺ ሴት ሁልጊዜ እንደምትሰድበኝ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ምክንያቱም ጋሽ ኤርሚያስ ደግሞ ደውሎ የግል ተፈታኞች ምዝገባ ቢቸና፣ ድሮ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ በአካል ቀርቦ እንደሆነና የሚያበቃውም ያችው ሰኞ እንደሆነች ነገረኝ። ለወትሮው ለእኔ ሲሆን ቀን አይገጥምም፤ የገጠመ ዕለት ሁለቱ በአንድ ላይ ገጠሙ። ሰኞ ጠዋት ሞጣ ከተገኘሁ ነርስ ነኝ። ቢቸና ከተገኘሁ ምን እንደሆንኩ አንድዬ ይወቅ።

ያም ሆኖ አባቴ እሺ ሊል ነው ብዬ ልቤን አሳረፍኩት። በቀጠሮው ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና ወረድኩ። የባጃጁ ሾፌር ገና ሲያየኝ «እንኳን ደስ አለሽ!» አለኝ። እንዴ፣ አባቴ ለባጃጅ ሳይቀር አውርቷል ማለት ነው ብዬ «ገና ነው፤ ፈተና አለው» አልኩት። ሾፌሩ ዞር ብሎ በአዘኔታ አየኝ። «አሁንማ ሳይፈትን የሚወስድ የለም» አለ።

ቤታችን ስደርስ እናቴ የጠላ እንስራ ደርድራለች። ከመርጡለ ማርያም አክስቴ የሻረግ መጥታለች። ከየጥኖራ የአባቴ ወገኖች ነገ ይገባሉ ተባለ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም ትምህርቴ ቤተሰቡን እንዲህ ያስለቅሳል ብዬ ስላልገመትኩ አብሬያት አለቀስኩ። አክስቴ የሻረግ እጄን ይዛ ከላይ እስከ ታች ዞራ ካየችኝ በኋላ፦

«ለመሆኑ ቁመቱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«የምኑ?»

«የልጁ ነዋ!»

«የትኛው ልጅ?»

«ኧረ ይህቺ ልጅ ታሾፋለች! ሽማግሌ የላከው ነዋ!»

ከዚህስ ትርፍ አንጀት ቢይዘኝ እመርጥ ነበር። እናቴን ጎትቼ ጓዳ አስገባኋትና እውነቱን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ጠላውን አየችው።

«ለአባትሽ እኔ አልነግርም» አለች።

«እማዬ በሞትኩት!»

«አልነግርም። የላክሻቸው ሰዎች ይንገሩት። የላክሻቸው ለዚያ አይደል?»

ራሴ ልንገረው ብል ደግሞ ሽማግሌ የመጣባት ልጅ ነገሩ እስኪያልቅ አባቷ ፊት ስለ ጉዳዩ አትናገርም ተብሎ አክስቴ የሻረግ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ አክስቴ ደግሞ የተቀመጠችበትን በር የምትሞላ ሴት ናት። መምሬ ጋ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለማኅሌት ገብተዋል። ጋሽ ኤርሚያስ ጋ ብደውል «አይዞሽ፣ አባትሽ አውቆታል እኮ» ብሎኝ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዳማ ላይ ነበር መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። አባቴ ኮቱን ለብሶ መሐል ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

«እንግዲህ መምሬ» አለ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ባለፈው ሳልሰማ መለስኳችሁ። ዛሬ ዘመዴ ተሰብስቧል። ልጁን ንገሩኝ።»

«ልጁን?» አሉ መምሬ።

«ልጁን። የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ሥራው ምንድን ነው?»

መምሬ ወደ ጋሽ ኤርሚያስ ዞሩ። ጋሽ ኤርሚያስ ክፍል ውስጥም ቢሆን የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ሰው ነው። «ልጅ የለም» አለ። «ልጅቷ ብቻ ናት።»

«ልጅቷማ የእኔ ናት! እሷን ከእኔ በላይ ልታውቃት ነው? የማላውቀውን ንገረኝ!»

«ወላጅ የለውም ይሆናል፤ አታስጨንቋቸው» አለች አክስቴ የሻረግ።

ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልወጣቸው አቶ ውበቱ ጢማቸውን ዳሰሱና «ሠርጉስ መቼ ነው?» አሉ።

ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ ራሱ ሊድረኝ ነው የመጣው! ከዚህ በላይ ጓዳ መቀመጥ አልቻልኩም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አባዬ፣ የሚያገባኝ የለም። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ለራሷ?» አለች አክስቴ ቀስ ብላ። «በራሷ ለራሷ ላከች?» ከየጥኖራ የመጡት አንድ ሰውዬ የያዙትን ጠላ ይጠጡት ወይስ ያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ብርጭቆውን አየር ላይ ይዘው ቀሩ።

ነገርኩት። ኮሌጁን ትቼ፣ እንደገና ተፈትኜ፣ ሕክምና መማር እንደምፈልግ፣ ምዝገባው ነገ እንደሚያበቃ፣ የኮሌጁም ፈተና ነገ እንደሆነ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አቋርጦ ሳይናገር ሰማኝ። ከዚያ ጀመረ።

«ነርስነቱን ለመጨረስ ምን ያህል ቀረሽ?»

«የነገውን ካለፍኩ አንድ ዓመት።»

«ያኛውን ፈተና ብትወድቂስ?»

«እወድቃለሁ።»

«ብታልፊስ?»

«ስድስት ሰባት ዓመት እማራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ዶክተር እባላለሁ።»

«አሁንስ ማን ተብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«… ዶክተር።»

«አያችሁ!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መምሬ እንኳ ቆመው ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ አትሳቅብኝ» አልኩት። «አንዲት ሴት ነበረች። ሞጣ፣ እኔ ክፍል። ግፊቷን የምለካው እኔ፣ የማገላብጣት እኔ፣ ፀጉሯን ሳይቀር የሠራሁላት እኔ። አንድ ጠዋት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ‹ወደ ባሕር ዳር ተልካለች› አሉኝ። ‹ምን ሆና?› ብል ‹አንቺ አልጋውን አንጥፊ› አሉኝ። አነጠፍኩት። ምን እንደነበረባት፣ ትዳን ትሙት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ማንጠፉን አልጠላሁም። ሳላውቅ ማንጠፉን ነው የጠላሁት።»

አባቴ በትሩን በሁለት እጁ ያዘና መሬት መሬቱን አየ። ሲናገር ድምፁ የገበያ ድምፅ አልነበረም።

«እኔ የማውቀው ከብት ነው» አለ። «ቤቱ የምትታለብ ላም ያለችው ሰው እሷን ሸጦ ገና ያልተፀነሰ ጥጃ ልግዛ ብሎ ቢመጣብኝ፣ ደላላ ነኝና ድርሻዬን ተቀብዬ አገበያየዋለሁ። ልጄ ከሆነ ግን እጁን ይዤ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ። ነርስነቱን ጨርሺ። ሥራ ያዢ። ከዚያ ወዲያ ያሻሽን ተፈተኚ። ይኸው ነው ቃሌ፤ አልጨምርም አልቀንስም።»

አባቴ መነሻ ዋጋውንና መጨረሻ ዋጋውን አንድ ላይ ሲናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ምን ብለው እንደሚከራከሩት አላውቅበትም። መምሬም «እንግዲህ መልሱ ተሰጠ» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

የተጠመቀ ጠላ መቼም አይደፋም። ተቀዳ፣ ተጠጣ። አክስቴ የሻረግ «በከንቱ ከመርጡለ ማርያም አልመጣሁም» ብላ እስክስታ ወረደች። ጎረቤት እልልታ ሰምቶ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ገባ፤ አባቴም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያለ ተቀበለ። በምን ደስ እንዳለን አንድም ሰው አልጠየቀም። አቶ ውበቱ ሲወጡ ግንባሬን ስመው «መልካም ጋብቻ» አሉኝ።

እኔ ጓዳ ገብቼ ከእናቴ ጋር ብርጭቆ አጠብኩ። እሷ ሳሙናውን ታሻለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ።

«ምዝገባው እስከ ነገ ነው ያልሽው?» አለች።

«እስከ ነገ።»

«እዚሁ፣ ድሮ የተማርሽበት?»

«አዎ።»

አንድ ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። «ሩቅ አይደለም» አለች፤ ሌላውን አነሳች።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ራሱ መነኸሪያ ድረስ አመጣኝ። ቦርሳዬንም እሱ ነው የተሸከመው። የሞጣው ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከሾፌሩ አጠገብ አንድ ወፍራም እህል ነጋዴ ተቀምጠው ነበር፤ አባቴ ከሾፌሩም ከነጋዴውም ጋር ተከራክሮ ወደ ኋላ አዛወራቸውና ወንበሩን አስለቀቀልኝ። «ዶክተር ናት፤ በሽተኛ ይጠብቃታል» አላቸው። ገባሁ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፣ በሩን ዘጋ፣ ዘግቶም እንደገና ነቅነቅ አድርጎ አየው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ» አለኝ። «ስትጨርሺ ደውዪልኝ።»

«እሺ።»

«በስልክ አልከራከርሽም።»

«እሺ አባዬ።»

ረዳቱ «ሞጣ የሞላ!» ብሎ የኋላውን በር ሳበው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ።

«ምን ረሳሽ?» አለ አባቴ።

«ምንም» አልኩት። «ምዝገባው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ነጋዴው ወንበራቸውን ሊይዙ ወደ ፊት መጡ። እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ሄድኩ።